ለሀጂራ ምን ይቅደም?

ይድረስ ለወንድሜ ለሸሪፍ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው የነገርከኝ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶኑን ራስህ ትሸከማለህ? ደርባን፣ ያለህበት ሰፈርስ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው? ሱቁ ውስጥ አታምሽ ያልኩህን እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደግሜ እላለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ባለቤቴ ጉያቱ ደኅና ናት፤ እኔም ከጉልበቴ በቀር ምንም አልልም። የሐገያው፣ የጥቅምቱ ዝናብ ዘንድሮ ሳይሰስት ጥሏል፤ ከዚያ ሁሉ ድርቅ በኋላ ገበያ ላይ የሰባ በሬ ማየት ጀምረናል። ልጅህ ሀጂራም ደኅና ናት። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ መስመሩ እየተቋረጠ አስቸገረን፤ ነገሩ ደግሞ ተቆራርጦ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ወደ እናንተ የሚመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ዩኑስ በእጅህ ያደርስልሃል።

ሀጂራ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር አንተ ላፕቶፑን ልከህ፣ ዌብሳይት መሥራት ትማር፣ የትኛው እንደሚቀድም አንተ ወስንላት፣ መምህር አይደለህም ወይ አልከኝ። እህታችን ዙለይካ ደግሞ ሻኪሶ ላለው የጨርቅ ሱቋ ሰው ትፈልጋለችና፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሀጂራ ካልመጣችልኝ ሌላ እቀጥራለሁ አለች። ሁለታችሁም ለልጅቷ አስባችሁ ነው። እኔ ግን በመካከላችሁ ተወጥሬ ከረምኩ።

ትምህርቱ ፉል ስታክ ይባላል። ጉያቱ ስሙን ስትሰማ «ፉል ከሆነማ መናኸሪያው በር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሠራው ልጅ አለላችሁ፤ ምን አደከማችሁ?» ብላ ሳቀችብን። እኔም ብሆን ኮምፒውተር አልንቀሳቀስ ሲል «ስታክ አደረገ» ሲባል እሰማ ስለነበር፣ ሰው ጭራሽ ባለበት መቅረትን ለምን ይማራል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በሱቅህ ላስረዳህ። ደንበኛ የሚያየው ባንኮኒና መደርደሪያ አለ፤ ከኋላ ደግሞ እሱ የማያየው መጋዘንና ሒሳብ አለ። ዌብሳይትም እንዲሁ ፊትና ጀርባ አለው። ሁለቱንም የሚችል ሰው ነው ፉል ስታክ የሚባለው።

እስከዚህ ገባኝ። ግራ የተጋባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሒሳብ ሳስተምር መደመር ከማባዛት መቅደሙን የሚከራከር ሰው አልነበረም። እዚህ ግን የጠየቅሁት ሁሉ የሚቀድመውን ያውቃል፤ የሚያውቁት ግን አንድ አይደለም። ሞባይል የሚጠግነው ሳላሃዲን ተማሪዬ ነበር። «ቲቸር፣ ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ነው፤ ከፊት ትጀምር» አለኝ። አምኜው ከሳምንት ሳምንት የምትማረውን በዕቅድ አወጣሁላት። ብዙም ሳይቆይ ከጦር ሰፈሩ የአንድ ሻለቃ ልጅ፣ ብርሃን የሚባል፣ አዲስ አበባ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ዕቅዱን አሳየሁት። መጋዘኑ ባዶ ከሆነ መደርደሪያው ምን ያደርጋል፣ ደግሞም ፊቱን ዛሬ ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል፣ ከጀርባ ትጀምር አለ። እውነት መሰለኝና ዕቅዱን ገለበጥኩት። ቀጥሎ ሀጂራ በስልኳ የምትከታተለው አንድ አስተማሪ፣ ፊትም ጀርባም ይቆይ፣ መጀመሪያ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ እወቁ አለ። እሱም ምክንያቱን አሳምሮ ይናገራል። እንደገና ሰረዝኩ።

እኔ በሰረዝኩ ቁጥር ልጅቷ የጀመረችውን ትጥላለች። እየቆየች ላፕቶፑን መክፈትም ተወች። አንድ ቀን ሻኪሶ ብርድ አለ ወይ ብላ ጉያቱን ስትጠይቃት ሰማሁ። ወደ ዙለይካ ለመሄድ ልብስ ልትይዝ ነው ማለት ነው። ምነው ልጄ ብላት አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ የሚቀድመውን ስንፈልግ እኮ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕቅድ አላወጣሁም። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ና እይልኝ ብላ ጠራችኝ። ማንንም ሳትጠይቅ አንድ ገጽ ሠርታለች። የጻፈችው «አባዬ፣ አካም ናጋ?» የሚል ሰላምታ ብቻ ነው፤ ለአንተ መሆኑ ነው። ገጹ ላይ የወጣው ግን ሌላ ነበር፤ የፈረንጅ ፊደል ከነጥብና ከጭረት ጋር ተደባልቆ፣ ዶሮ የጫረው መሬት መስሏል። እኔ ላፕቶፑ ተበላሸ ብዬ ወደ ሳላሃዲን እንውሰደው አልኩ። «ቆይ ጋሼ፣ አልተበላሸም። የእኛ ፊደል መሆኑን አልነገርኩትም» አለች። ስትፈላልግ ቆይታ ገጹ በተጻፈበት አናት ላይ አንዲት አጭር መስመር ጨመረች። አባዬ የሚለው እንደተጻፈው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሳቀች። ፈተናውን ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

እንግዲህ ያቺ መስመር የፊት ናት ወይስ የጀርባ? ሳላሃዲን፣ ይኸው፣ ከፊት ነው አላልኩም ወይ አለ። ብርሃንን በስልክ ብጠይቀው፣ የለም፣ ፊደል ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማወቅ የጀርባ ትምህርት ነው አለኝ። እኔ እንጃ። ካወጣኋቸው ዕቅዶች በአንዱም እንዳልነበረች ግን መለስ ብዬ አረጋግጫለሁ።

ትናንት ለዙለይካ ደውዬ ሌላ ሰው ቅጠሪ አልኳት። ምን ልትማር ነው የምትቀርብኝ አለች። ገና አልታወቀም አልኳት። «ወንድም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዘመን አስተምረህ አሁን ይህን ነው የምትለኝ?» ብላ ተቀየመችኝ። አልፈርድባትም። ሱቁ የታወቀ ነገር ነው። ይህኛው ግን የት እንደሚያደርሳት አላውቅም፤ ብሳሳት እንጀራ የምታጣው እሷ ናት፤ ይህን እያሰብኩ ነው የደወልኩት። አንተም ምን ይቅደም ብለህ ላቀረብክልኝ ጥያቄ መልስ የለኝም። ባዶ ወረቀት ለሚመልስልኝ ተማሪ ዜሮ እሰጥ ነበር፤ ዛሬ እኔው ባዶውን እየመለስኩልህ ነው። ሀጂራ ሁለተኛውን ገጽ ጀምራለች። ስትደውልላት ምን ጨረስሽ አትበላት፤ ምን እየሠራሽ ነው በላት። እኔን ከምትጠይቀኝ እሷ ትሻልሃለች።

አብሮህ ለሚነግደው ለኃይለማርያም፣ ለባለቤቱ ለትንቢት፣ ለሕፃኗም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጉያቱ ናጋ ትልሃለች፤ የላከችልህን ቅቤ ዩኑስ መንገድ ላይ እንዳላጎደለው ስትረከብ እየው ብላለች። ሀጂራ እጅህን ትስማለች። ዙለይካም እንደ ተቀየመች ሰላም በልልኝ ብላለች። አላህ በያለንበት ይጠብቀን።

ወንድምህ ጀይላን
ነጌሌ ቦረና፣ ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.