ባልና ሚስት በቅናሽ

መጋቢት 9 ቀን

የግራ ዓይኔ መልሶ ደክሟል።

ውድ ባለቤቴ፣

በአጠራሬ አትቆጪ። ከዚህ ክሊኒክ መዝገብ በቀር የትም ባልና ሚስት ሆነን እንደማናውቅ አልረሳሁም። እንግዳ ተቀባይዋ ግን ገና በሩን ሳልፍ ባለቤትዎስ አለችኝ። መንገድ ላይ ናት አልኳት። አሁን መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ያኔ አንቺ የተቀመጥሽበት መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ነኝ። ነርሷ ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ አድርጋልኝ ሄዳለች። ፊደሎቼ እየቆዩ ከገዘፉ ወይም መስመር ከሳቱ ምክንያቱ እሱ ነው።

ላውንደሪው እንዳለ ነው። እኔም እዚያው አንሶላ መተኮሻው ማሽን ላይ ነኝ። ሸሚዝ ተኳሿ እትዬ ካውያ ጡረታ ሊወጡ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ካውያው ይውጣ እንጂ እኔ አልወጣም ይላሉ። ሁለታችንን "አራት ዓይናዎቹ" ያሉን እሳቸው ነበሩ። ማዕረጉን የሰጡን ለዕውቀታችን አልነበረም። እንፋሎቱ መነጽራችንን ባለበሰው ቁጥር እኔ ጣቴን ከአንሶላው ጋር ልተኩስ ስደርስ፣ አንቺ መፈተሻው ጠረጴዛ ላይ ቆሻሻውን በዓይንሽ ትተሽ በመዳፍሽ ስትፈልጊ እያዩ ነው።

የወይን ጠጅ ነጥብ ያለባቸው አንሶላዎች እያመለጡሽ ከሆቴል ሲመለሱ፣ ኃላፊው ወደ ማጠፊያ ክፍል አዛውርሻለሁ አለሽ። እዚያ ደመወዙ ዝቅ ይላል። ዓይንን በሌዘር አሳርሞ መነጽር የመጣሉ ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ አንቺን ተከትዬ ነው የገባሁበት፤ ጣቶቼን አመካኘሁ እንጂ።

ዋጋውን ስትሰሚ የምትቀመጪበት ወንበር ነው የፈለግሽው። ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓታችን ሁሉ ዋጋውን መቀነሻ መላ ፍለጋ ሆነ። ተማሪ ሐኪሞች የሚለማመዱበት ሆስፒታል ርካሽ ነበር፤ ወረፋው ግን የሚደርስ አይመስልም። ከተማው ዳር ያለው ክሊኒክ በጣም ቅናሽ አለው ተባልን፤ ማሽኑ የስንት ዘመን እንደሆነ ስንጠይቅ የሚመልስልን ጠፋ። በዓይን ላይ አሮጌ ዕቃ አይገዛም ብለሽ ተውነው። እኔ ደግሞ ለጊዜው አንድ ዓይንሽን ብቻ ብትሠሪውስ አልኩሽ።

"አንዱ ሲተኛ አንዱ ዘብ ሊቆም?" አልሽኝ።

በመጨረሻ እዚህ ግድግዳ ላይ፣ ባልና ሚስት አብረው ከመጡ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቼ ነው ያነበብኩት። በማግስቱ ስነግርሽ አንሶላውን ከእጅሽ ሳትለቂ "ታዲያ እንጋባ" አልሽ፤ ሳሙና አልቋል፣ እንግዛ እንደሚባለው። እኔም እሺ አልኩ። ለአንቺ ልል የሚገባኝን እሺ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው። እሱንም ለቅናሽ።

እንግዳ ተቀባይዋ የጋብቻ ወረቀት አልጠየቀችንም። ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ ብቻ አለች። እኔ አራት፣ አንቺ ሰባት ያልነው እኩል ነበር። ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች።

"እሱ የሚቆጥረው የተስማማንበትን ብቻ ነው" አልሻት።

ሳቀችና ሰባት ብላ ጻፈች።

ቀጥሎ አጃቢያችሁ ማነው ስትል እኔ አንቺን አስመዘገብኩ፣ አንቺ እኔን። በአንድ ቀን ብንሠራ የፈቃድ ቀንም የአጃቢ ወጪም ይተርፋል ብለን የተራቀቅን መስሎን ነበር። ሁለታችንም ዓይናችን ላይ የፕላስቲክ ክዳን ተለጥፎልን፣ እንባችን እየወረደ ስንወጣ፣ ነርሷ አጃቢያችሁ የታለ አለች። እኔ ወደ አንቺ ጠቆምኩ። አንቺ ወደ እኔ። ነርሷ "ዕውር ዕውርን ቢመራው" ብላ ጀመረችና ተወችው።

ክንድ ለክንድ ተያይዘን የግድግዳውን ጥግ ይዘን ሄድን። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ መብራቱ በራ ወይ አልሽኝ። መብራቱን መች አየሁት፤ የሰዎቹ ኮቴ ሲንቀሳቀስ ሰምቼ በራ አልኩሽ። አምነሽኝ ተሻገርሽ። ያን ያህል ያመነኝ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላጋጠመኝም።

ያን ቀን ከሰዓት ክፍልሽ ውስጥ መጋረጃውን ዘግተን ተቀመጥን። በየሰዓቱ ክዳኑን ገለጥ አድርገን አንዳችን ለሌላው ጠብታ ማድረግ ነበረብን። እኔ ጉንጭሽን አጠብኩት፣ አንቺ ጆሮዬን። ከሳቁ ብዛት የገባችውንም ጠብታ እንባው ይዟት ይወጣ ነበር። ኋላ ደከመንና ጠብታውን አስቀመጥነው። ግድግዳው ማዶ ጎረቤትሽ ዕቃ ያጥባሉ፤ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ዓመት እንቆያለን ትል ነበር?" አልሽኝ።

ክዳኑ ስለጋረደን አልተያየንም። ምን እየጠየቅሽኝ እንደሆነ ግን ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ብልሽ ውሸት ነው።

"ቅናሹ እስኪያልቅ" አልኩሽ።

ሳቅሽ። ግን ቆየት ብለሽ ነው የሳቅሽው። ሳቅሽን ረስቼዋለሁ፤ ከሳቁ በፊት የነበረውን ዝምታ ግን ማሽኑ እየጮኸም እሰማዋለሁ።

በማግስቱ ክዳኑ ሲነሳልን ፊቴን ትክ ብለሽ አየሽና "እንዲህ ነህ እንዴ?" አልሽኝ። ገንዘብሽ ይመለስልሽ ወይ አልኩሽ። አይ፣ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ አልሽ። እኔ ደግሞ ከቅንድብሽ በላይ ያለችውን ቀጭን ጠባሳ ያየሁት ያን ጠዋት ነው። ያን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ስትሠሪ አላወቅኳትም። ምን ነክቶሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ብዬ ሌላ ቀን ይደርሳል አልኩ።

ዓይንሽ ከጠራ በኋላ አንድም ነጥብ አላመለጠሽም። ሌላ ከተማ ያለው የጨርቅ ፋብሪካ ሰዎች ይህንኑ ሰምተው ወሰዱሽ። ሻንጣሽን እስከ አውቶቡስ ጣቢያ የተሸከምኩልሽ እኔ ነኝ። መስኮቱን ከፍተሽ አንገትሽን አወጣሽና ሌላ የምትለኝ ነገር አለ ወይ አልሽ።

"ጠብታውን እንዳትረሺ" አልኩሽ።

ጠብታው ከቆመ ወራት አልፎት ነበር። መስኮቱን ቀስ ብለሽ ዘጋሽው።

ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ። ባለፈው ወር እትዬ ካውያ በስልክ እንዳወራችሁ ነገሩኝ። የፋብሪካው ሒሳብ ሹም እንጋባ ብሎ ጠይቋታል፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ ላስብበት ብላዋለች አሉኝ። ደህና ሰው ነው ወይ አልኳቸው። ከሸሚዙ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣

"ደህና ነው ይላሉ። አንተም ደህና ነህ። ደህና እንደሆንክ ቅር" አሉኝ።

ያን ሰሞን የዓይኔ መድከም ባሰብኝ፤ አንድ አንሶላ አቃጠልኩ። እዚህ የመጣሁት ለዚያ ነው። እንደዚያ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።

ጠብታው ሥራውን ጀምሯል። የጻፍኩትን መልሼ ማንበብ አልችልም፣ እንደመጣልኝ እቀጥላለሁ። እንግዳ ተቀባይዋ አሁን አጠገቤ መጥታ ነበር። ዓይኔ እንደገና በሌዘር መታረም ካለበት ቅናሹ እንደ በፊቱ ነው፤ ባለቤቴ ካልደረሰች በስልክም ይበቃል፣ አሁንም አብረን ነን ካለች አለቀ አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ቁጥርሽን አገኘሁት። ብደውል እንደማታሳፍሪኝ አውቃለሁ። እንዲያውም አንድ ቀልድ ጨምረሽ ነው አዎ የምትያት። ከዚያ እኔ በግማሽ ዋጋ ዓይኔን አስተካክዬ ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ። አንቺም ለሰውየው መልስሽን ትሰጫለሽ።

ስልኩን ኪሴ መለስኩት። ሁለተኛ ጊዜ በቅናሽ ሚስቴ ነሽ አልልም።

ሄጄ ባልና ሚስት አይደለንም፣ ሆነንም አናውቅም አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተጣልታችሁ ነው አለችኝ። አልተጣላንም፣ ለመጣላትም የሚበቃ ነገር አልተናገርኩም አልኩ። ምን ትበል፤ እንግዲያው ሙሉውን ነው የሚከፍሉት አለችኝ። ይገባኛል አልኩ።

ነርሷ ከውስጥ እየጠራችኝ ነው፤ ሐኪሙ ዝግጁ ነው። አልገባም። ዓይኔ ሌላ ቀን ይደርሳል፤ የሌላ ቀን ቀጠሮ ለዓይን ነው እንጂ ለሰው እንደማይሆን ዘግይቶ ገብቶኛል። ይህን ወረቀት ለፖስታ ቤት አልሰጠውም። ይዤው እመጣለሁ፤ በርሽ ላይ ቆሜ እንደ ልማዴ ስለ ጠብታ ማውራት ከጀመርኩ ተቀበይኝና አንብቢው። መልስሽን ሰጥተሽው ከሆነም ጠባሳዋ ከምን እንደሆነች ጠይቄሽ እመለሳለሁ።

ውጭው ፀሐይ ነው፣ ብሌኔ ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአውቶቡሶቹን ታፔላ ማንበብ አልችልም። ሰው እጠይቃለሁ።

አራት ብሎ የተሳሳተው ሰውዬ