መጸዳጃ ቤት ስለተረሳው ሽጉጥ፣ ለቀድሞ ተማሪዬ

የተከበሩ አቶ ዴል ክሪተንደን
የሚልበርን ሪጅ ትምህርት ቤቶች ቦርድ ሰብሳቢ
ኦሃዮ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ እንዴት ናቸው? እኔ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኩት ኖሪን ሃስኬት፣ በእርስዎ ፊርማ ከሥራ ታግጄ ቤቴ በመዋሌ እጅግ ዐርፌያለሁ። የእገዳው ደብዳቤ ምክንያቱን በአንድ መስመር ስለዘጋው፣ የከተማችን ሰው ነገሩን ከራሴ ቢሰማ ይሻላል ብዬ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ደፈርኩ።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። መምህራን ሽጉጥ ይታጠቁ የሚለው ሐሳብ በስፖርት አዳራሹ ለውይይት በቀረበ ዕለት፣ ለመቃወም እጄን ሳወጣ ከመድረክ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። «ቲቸር፣ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን እዋሻለሁ? አንድ ነገር ቢበላሽ መጀመሪያ የምሰማው እርስዎን ነው» አሉኝ። አመንኩዎትና እጄን አወረድኩ። አብረውኝ ሊቃወሙ የመጡት መምህራንም እኔን አይተው ዝም አሉ። እስካሁን ይቅር ያላልኩት ያንን ዝምታዬን ነው።

ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ከጸደቀ በኋላ ለታጣቂዎቹ መምህራን ስለሰጣችሁት የሦስት ቀን ሥልጠና ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። እኔ ባለሁለት አሃዝ ቁጥር መቀነስን ለማስተማር ስድስት ሳምንት ይፈጅብኛል።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት በንባብ ሰዓት፣ የሰባት ዓመቷ ታንሲ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሳ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ቲቸር፣ እጄን አልታጠብኩም።»

«ለምን የኔ እመቤት?»

«መታጠቢያው ላይ ሽጉጥ አለ።»

«ነካሽው?»

«ትንሽ ብቻ። ይከብዳል።»

ልጆቹን ለጎረቤት ክፍል መምህርት አደራ ብዬ ሮጥኩ፤ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ። የሽጉጡ ባለቤት ትዝ ብሎት እየሮጠ መጣ፤ ስሙን አልጽፍም፤ የምደብቀው ግን የታጣቂን ስም ለሚደብቀው መመሪያችሁ ብዬ ሳይሆን ለገዛ ልጆቹ ስል ነው። ደግ ባልደረባ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። «ኖሪን፣ በእናትሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። አሳዘነኝ። ነገር ግን ከትምህርት በኋላ ልጇን ልትወስድ ለመጣችው ለታንሲ እናት ሁሉንም ነገርኳት፤ እናት ናትና። ከዚያ፣ ቃል እንደገቡልኝ፣ ለእርስዎ ደወልኩ።

በእርግጥም ቃልዎን ጠብቀው መጀመሪያ የሰሙት እኔን ነበር። ሰምተውም «ቲቸር፣ የታጠቀ መምህር ማንነት ምስጢር ነው እኮ! ምን ነካዎት?» አሉኝ። ስለ ልጅቷ ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ስሟን እንኳ። በሳምንቱ እኔ ታገድኩ፤ ባልደረባዬ የምክር ደብዳቤ ተሰጥቶት ከነሽጉጡ ሥራው ላይ ነው። ታንሲን እናቷ ከትምህርት ቤቱ አስወጥታታለች።

ምስጢር በማውጣቴ ይቅርታ ጠይቄ ብፈርም ክፍሌ እንደሚመለስልኝ ያቀረቡልኝን ቸርነት አልዘነጋሁም። ሦስት ቀን አሰብኩበት፤ ከልጆቹ በቀር ሌላ ሕይወት የለኝምና ብዕሩንም አንሥቼ ነበር። ግን የማላፍርበትን ነገር አፍሬበታለሁ ብዬ ፈርሜ፣ ልጆችን እውነት ተናገሩ ማለት አልችልም። ስለዚህ ሥራዬን በዚህ ደብዳቤ ለቅቄያለሁ።

ማንበብ ሲከብድዎ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፊደል ያስቆጠርኩዎት፣ ያነበቡትን እንዲያስተውሉ ግን ማስተማር ያቃተኝ፣ ለዚህም ጉድለቴ ከተማውን ሁሉ ይቅርታ የምጠይቅ፣

የቀድሞ አስተማሪዎ
ኖሪን ሃስኬት

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጉዳዬ በታየበት ዕለት፣ የቦርዱ አዳራሽ በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ የወረቀት መቀስ ወስዶብኛል። «ይቅርታ እትዬ፣ ለቦርድ አባላቱ ደኅንነት ነው» አለኝ። ጫፉ ደነዝ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠራ ነው። ስጋቱ ሲያልፍልዎ ለክፍሉ ቢመልሱልኝ፤ ልጆቹ ይፈልጉታል።