አንድ ወር የቀደመው መብራት

አባየ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን ጾምን፤ የሁለቱንም ጨረቃ እንደ አንተ ደጃፍ ቆሜ ጠብቄ አየሁ። እማየ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ጨርቅ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሱቃችን መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነው። ቀበሌ ትርፍ ቤት ብሎ የወሰደው የጓሮ ቤታችን ውስጥ ግን ህንዱ መምህር ዛሬም አለ። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

የግድግዳ ቀን መቁጠሪያውን ሲያስረዳህ ምሳህ ይቀዘቅዝ እንደነበር ትዝ ይልሃል? እኛ ቀኑን ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያ እንጀምራለን፣ እሱ ከፀሐይ መውጫ። ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ስምንት ቦታ ይከፍልና አንዱን ክፍል ገደ ቢስ ነው ብሎ አዲስ ነገር አይጀምርበትም፤ ክፍሉም በየዕለቱ ይለያያል። የሐሙሱ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በኋላ ነው ስላለህ፣ የሐሙስ የኮምቦልቻ መንገድህን ወደ አመሻሹ፣ ወደ አሱር ገፋኸው። "ቀን ሁሉ የአላህ ነው፤ ግን ጎረቤቴ ለእኔ ሲሰጋ ለምን ይዋል?" ትል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበርክ።

ከሁሉ የምወደው ግን ስህተትህን ነው። ህንዶች በየዓመቱ መብራት ለኩሰው ለሚያከብሩት በዓል እንኳን አደረሰህ ልትለው ካለፈው በዓል አሥራ ሁለት ጨረቃ ቆጥረህ፣ ለመብራቱ እንዲሆነው እማየን የኩታበር ቅቤ አስነጥረህ ሄድክ። በዓሉ ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር። ለካስ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይዋ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንድ ወር ይጨምራሉ። የእኛ ረመዳን ክረምት ከበጋ ይዞራል፤ የእነሱ በዓል ከወቅቱ አይወጣም። ሌላ ሰው ያፍር ነበር። አንተ "ጨረቃዋን ይዘው ፀሐይዋንም አልለቀቁም፣ ማሻአላህ" እያልክ ስታደንቃቸው ሰነበትክ።

ስትሞት ይህ ጉርብትና አብሮህ እንዳይቀበር ፈራሁ። ስለዚህ ቅቤውን እኔ መውሰድ ጀመርኩ። አምና ቀኑን አገኘሁት። ዘንድሮም አሥራ ሁለት ጨረቃ ቆጥሬ በሩን አንኳኳሁ፤ የሚጨመረውን ወር ረስቼው፣ ልክ እንደ አንተ።

መምህሩ ቅቤውን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየ፣ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ በሀፍረት ልመለስ ስል የሸክላ መብራቱን አውርዶ ከቅቤው ጨመረበትና ለኮሰው። በዓሉ ገና አንድ ወር እንደሚቀረው ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። "ይህኛው የአባትሽ ቀን ነው" አለኝ።

አባየ፣ አልረሳህም። ወር በሚጨመርበት ዓመት ሁሉ ቅቤውን ሁለቴ እወስዳለሁ፤ አንዴ ለበዓሉ፣ አንዴ ለስህተትህ።

ልጅህ ዘሃራ፣ ከደሴ