ጠዋት በሁለት ሰዓት ባዶ ሆኖ ስለተገኘው ካምፓሳችን

ለተከበሩ የክፍለ ግዛታችን መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ጠቅላይ ፕሬዚዳንት
ዋናው ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አዲሱ የቢሮ ወንበርዎ ለጀርባ እጅግ የሚመች ነው ሲባል ሰምቼ ከልብ ደስ ብሎኛል፤ ባለቤቴ ኦሪን ዕድሜውን ሙሉ ላም ሥር ሲያጎነብስ ወገቡ ስለተቆረጠ፣ የወገብን ነገር በቤታችን አቅልለን አናየውም።

እኔ ማርሊስ ኦስትቦ እባላለሁ። የምኖረው በሰሜን፣ በኖርድ ፎርክ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ ካርታ ላይ ከላይ በኩል ትታይ የነበረችው ትንሽ ነጥብ እኛ ነበርን፤ ባለፈው ዓመት ካርታው ሲታደስ ተነሥተናል። ስለዚሁ ጉዳይ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካምፓሳችንን እንዲያጠኑ የላኳቸውን ባለሙያዎች በተመለከተ ነው። ማልደው የሚነሡ ታታሪ ሰዎች መሆናቸውን መላው ከተማ መስክሮላቸዋል። ጠዋት በሁለት ሰዓት ደርሰው፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፍተው፣ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ መሆናቸውን አረጋግጠው፣ ሕንፃው በቂ አገልግሎት እየሰጠ አይደለም ብለው ጻፉ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ አገር ጠዋት በሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚገኝ ተማሪ ቢኖር ላሞቹ ያለቁበት ብቻ ነው። ካምፓሱ ከተከፈተ ጀምሮ ትምህርት የሚጀመረው በአራት ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ላም አልበው፣ የማለቢያ ማሽኑን አጥበው፣ ጥጆቹን መግበው ነው የሚመጡት። በዋናው በር ስንገባ ያለው ረጅም የእንጨት መደርደሪያም የቦቲ ጫማ ማስቀመጫ ነው። ተማሪው በረት የዋለበትን ቦቲ እዚያ አውልቆ በካልሲው ወደ ክፍል ይገባል፤ መምህሩም እንዲሁ። ባለሙያዎችዎ ይህንኑ መደርደሪያ “አንድም መጽሐፍ የሌለበት የመጻሕፍት መደርደሪያ” ብለው በጥናታቸው ማስፈራቸውን ሳነብ በጣም ሳቅሁ። ያለቀስኩት ኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመዝጋትዎ በፊት የሕዝቡን ሐሳብ ልስማ ማለትዎ ከአንድ ትልቅ ሰው የሚጠበቅ ትሕትና ነው። ስብሰባው የተጠራው የአጋዘን አደን ወቅት በሚከፈትበት ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በዚያ ጠዋት በኖርድ ፎርክ ሠርግ አይደገስም፣ ቀብርም ቢሆን ወደ ሰኞ ይገፋል፤ ፓስተሩ ራሳቸው ጫካ ናቸው። ማስታወቂያው የወጣ ሰሞን፣ ዓርብ ማታ ለተጠበሰ ዓሣ በተሰበሰብንበት፣ ጎረቤታችን ሌስተር ክቫም፣ “ምነው ማርሊስ፣ ሰውዬው አጋዘኖቹን ነው እንዴ የሚያወያየው?” ብሎ ጠረጴዛውን በሙሉ አስቆናል። ኦሪን ግን አልሳቀም። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ትቶ፣ የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ከእኛ በቀር የመጣ አልነበረም። ባለቤቴ በሰው ፊት መናገር የሚጨንቀው ሰው ነው። ተነሣ፣ ቆቡን ጨበጥ አድርጎ፣ “ልጃችን እዚህ ነው የምትማረው” አለ፤ ተቀመጠም። ተወካይዎ በትሕትና አመሰገኑት፤ በኋላ በወጣው ቃለ ጉባኤ ላይ “የቀረበ ተቃውሞ የለም” ተብሎ ሰፍሯል። እውነት ነው፤ እንደ ደንቡ ሲታይ ኦሪን የተናገረው ተቃውሞ አይባልም።

ሦስተኛው ስለ ትምህርት ክፍሎቹ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ቁጥሬ ሊዛባ ስለሚችል ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ልጃችን ብሪታ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት ትማር ነበር። ሐሳቧ ፊደል በቆጠረችበት በእኛው ከተማ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነበር። ኦሪን መጎንበስ ካቃተው ወዲህ ከትምህርት በፊትም በኋላም ላሞቹን የምታልበው እሷ ነበረች። እርስዎ የመምህርነት ትምህርቱን ከዋናው ካምፓስ ጋር “አዋሃዱት”። ዋናው ካምፓስ ከእኛ በረት የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። በመኪና መመላለስ ለማይችሉ ትምህርቱ ወደፊት በስክሪን ይሰጣል ማለትዎንም አልዘነጋሁም፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለእኛ ለወተት ሰዎች ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይገባናል።

ብሪታ ትምህርቷን ለማቆም ወሰነች። “እማ፣ በቃ ተይው። እኔ ከሄድኩ አባባ እንዴት ሊሆን ነው?” አለችኝ። አባቷ ሰማት። በረዶው ሲቀልጥ የጭነት መኪና ጠራና ላሞቹን ሸጠ። “አሁን ሰበብ የለሽም፣ ሂጂ” አላት። ብሪታ የበረቱን በር ይዛ፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች፣ የመጨረሻዋ እስክትጫን ድረስ ቆመች። በማግስቱ ሄደች።

ጎበዝ ናት፤ እንደምታስመሰግንዎ አልጠራጠርም። ባለፈው ሰሞን በስልክ፣ ስትጨርሺ ወደ እኛው ትምህርት ቤት ትመለሻለሽ አይደል ብዬ ጠየቅኋት። “ወደ ምን ልመለስ፣ እማ?” አለችኝ። አልተቆጣችም፤ በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። ኦሪን ዛሬም ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ በረት ይሄድና አምፖሉን አብርቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ አጥፍቶ ይመለሳል። ለምን አልለውም።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ ስላላገኘሁ እንዲሁ ልናገረው፦ ልቤ ተሰብሯል። እርስዎ ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የሚያውቁዎት ሁሉ ደግ ነው ይሉዎታል፤ እኛ በእርስዎ ዘንድ ቢሰሙም ባይሰሙም ለውጥ የማያመጡ ሰዎች ነበርን፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የጀመሩት ሁሉ እንዲሳካልዎ፣ የሚያዋህዱት ሁሉ እንዲዋሃድልዎ፣ ልጆችዎም ከደጅዎ እንዳይርቁብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በማይጎድል አክብሮት ከወንበሬ ብድግ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ማርሊስ ኦስትቦ
የብሪታ እናት፣ ኖርድ ፎርክ

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ ከቢሮዎ “በልጆቻቸው ለሚኮሩ ወላጆች” የተላከው የልገሳ ጥሪ ሰኞ ዕለት መጥቶልኛል። ለዩኒቨርሲቲያችን ያለዎትን ይስጡ ይላል። አንድ ልጅ ነበረችኝ፤ ሰጥቻለሁ። እስካሁን ደረሰኝ አልተቆረጠልኝም።