በሦስት ጳጳሳት ዘመን የጾሙት የመምህር አባይነህ ወርቅአፈራሁ የሕይወት ታሪክ

መምህር አባይነህ ከአባታቸው ከደብተራ ወርቅአፈራሁ ኅሩይና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ እሸቴ በ1872 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ንባብ፣ ዜማና ባሕረ ሐሳብ ተማሩ። ባሕረ ሐሳብ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበት ትምህርት ነው፤ እንጀራቸውም ሐዘናቸውም የመጣው ከእርሱ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ አባይነህንና አስካለን፣ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። እሪ በከንቱ ጎጆ ቀልሰው፣ ጠላ እየጠመቁ አሳደጓቸው።

በ1896 ዓ.ም. መምህር አባይነህ ፈረንሳይኛ ለመማር አራዳ ካለው የካቶሊክ ሚሲዮን ገቡ። ቋንቋ ፍለጋ ሄደው ሃይማኖት ይዘው ተመለሱና በ1898 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ። እናታቸው እንደ ሞተ ልጅ አለቀሱላቸው። ያን ጊዜ ሀገረ ስብከቱን ይመሩ የነበሩት አቡነ ዮአኪም ግን በርኖስ ደርበው በበቅሎ የሚሄዱ፣ ከመናገራቸው በፊት የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ቅዳሴው በግዕዝ፣ ጾሙም በዓሉም እንደ አገሩ ይሁን ብለው ፈቀዱ። ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ሲሰሙ፣ «ሃይማኖቱን ቢለውጥ ጾሙን አልለወጠም» ብለው በራቸውን ከፈቱላቸው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የፋሲካ ዕለት ልጅ ከሚሲዮኑ፣ እናት ከደብራቸው ተመልሰው በአንድ ገበታ ጾማቸውን ይፈቱ ነበር። እናትና ልጅን ያስተሳሰራቸው ይህ ብቻ ነበር።

አቡነ ዮአኪም መምህር አባይነህ ባሕረ ሐሳብ ማወቃቸውን አይተው፣ በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን የዓመቱን አጿማትና በዓላት ለምእመናን እንዲያውጁ ሾሟቸው። ቀሪውን ጊዜ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ከትግራይ ከመጡት ከወይዘሮ አክበረት መብራህቱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ሁለቱን የኅዳር በሽታ ወሰደባቸው። አቡነ ዮአኪምም የሞቱት በዚያው በሽታ ነው።

በ1912 ዓ.ም. ተተኪው አቡነ ሲልቬስትሮስ ከባሕር ማዶ መጡ። እኒህ ጳጳስ ጣራውን ቆርቆሮ አልብሰዋል፣ ደወልም አስመጥተዋል። ይህን የሚጽፍላቸው አያጡም፤ እዚህ የሚጻፈው ሌላው ሥራቸው ነው። አገሩን ሳይለምዱ፣ የአገሩንም ሰው ሳይጠይቁ፣ ከእንግዲህ ካቶሊክ ሁሉ ጾሙንም ፋሲካውንም እንደ ሮማ ያድርግ ብለው አዘዙ። መስከረም 1 ቀን 1913 ዓ.ም. ትእዛዙን ያወጁት መምህር አባይነህ ናቸው። ልባቸው እምቢ እያለ አፋቸው አነበበ። የያዛቸው የመታዘዝ ቃላቸው እንጂ ደመወዙ አልነበረም። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱት ወዳጃቸው አብዱልሃሚድ፣ «መምህር፣ የእኛ ጨረቃ እንኳ እንደ እናንተ ጳጳሳት አታወላውልም» ብለው ሲቀልዱባቸው አብረው ሳቁ።

ያን ዓመት የሮማው ፋሲካ መጋቢት 18 ቀን ዋለ። አገሩ ገና ጾም ላይ ነበር፤ ዕለቱም የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መጻጉዕ ነበር። ጳጳሱ ለሚሲዮኑ ሰዎች ግብዣ አደረጉ። ያልበላ ልቡ ከሌላው ወገን ነው ተብሎ ነበርና መምህር አባይነህ በሉ። ከገበታው ሳይነሡ፣ ታመው የሰነበቱት እናታቸው እንደ ጠናባቸው ተነገራቸው። በሩጫ እሪ በከንቱ ወረዱ። ሊስሟቸው ሲያጎነብሱ የቅቤው ሽታ ደረሳቸውና ወይዘሮ አልጋነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ዛሬ መጻጉዕ ነው፣ ልጄ። በዚህ አፍህ አትሳመኝ። ፋሲካ ሲደርስ ትስመኛለህ» አሉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዐረፉ። ወይዘሮ አስካለም፣ «እናታችን ያልሳመችህን እኔ አልስምህም» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድማቸውን ደጃፍ ሳይረግጡ ኖሩ።

መምህር አባይነህ ከዚያ ወዲያ የሮማው ጾም ቀድሞ ሲገባ ይገቡና የአገሩ ጾም ዘግይቶ ሲፈታ ይፈቱ ነበር። በሚሲዮኑ የፋሲካ ገበታ ደረቅ ዳቦ ቆርሰው ይነሣሉ። አዋጁን ግን በየዓመቱ እንደ ታዘዙት ያውጃሉ። ወይዘሮ አክበረት፣ «ሰውነትዎ አለቀ እኮ» ሲሏቸው፣ «ያወጅሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልጹመው» ይሉ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. አቡነ ሲልቬስትሮስ በክብር ተሸኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሦስተኛው ጳጳስ አቡነ ማርቲኖስ በመጡ በዓመቱ፣ ያ ትእዛዝ የጥድፊያ ሥራ ነበር፣ ሮማም ያን ያህል አልጠየቀችም ብለው የአገሩን ጾምና በዓል መለሱ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ጳጳስ ጳጳስን አይወቅስም። መምህር አባይነህ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ፈረንሳይኛ አሳምረው ሲያውቁ በአማርኛ፣ «ለሞቱትም ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። የተረጎመላቸው አልነበረም። መስከረም አንድ ቀን ሲደርስ ይህንንም ቆመው አወጁ።

ባለፈው ጥር በሳንባ ሕመም ተይዘው አልጋ ላይ ዋሉ። ከትናንት በስቲያ ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት በገባበት ዕለት፣ ወይዘሮ አስካለ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መጡ። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠ በሰሙነ ሕማማት ክርስቲያን አይሳሳምም። ስለዚህ ወይዘሮ አስካለ ከአልጋው አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆሙና፣ «ወንድሜ፣ ፋሲካ ይድረስ እንጂ እስምሃለሁ» አሉ። መምህር አባይነህ፣ «እማዬም እንዲሁ ብላኝ ነበር» አሉ። በማግስቱ ማክሰኞ ሚያዝያ 15 ቀን 1927 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ሰሙነ ሕማማት በመሆኑ ዛሬ ፍትሐት አይደረግላቸውም። የአቡነ ሲልቬስትሮስ ሥርዓት ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የሮማው ፋሲካ ባለፈው እሑድ ስለ ዋለ ይፈታላቸው ነበር። አንዱ ሥርዓት የእናታቸውን ስንብት፣ ሌላው ፍትሐታቸውን ወሰደባቸው። ሁለቱንም ያወጁት እርሳቸው ናቸው።

መምህር አባይነህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አክበረትን፣ ልጃቸውን ተክላይን፣ እስከ እሑድ መታገሥ አቅቷቸው አስከሬናቸውን የሳሙትን እኅታቸውን ወይዘሮ አስካለንና ከማለዳ ጀምሮ መቃብራቸውን ሲያስቆፍሩ ያረፈዱትን ወዳጃቸውን አብዱልሃሚድን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አንድ ፋሲካ ብቻ ካለበት ያግባ። በዚያም ወይዘሮ አልጋነሽ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ይመልሱ።