የክሬኑ ካሜራና የግራ ዓይኔ

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይን ሐኪሟ፤

ሰላምታዬ በክሬን ተነሥቶ ደጅሽ ይውረድ። ሁላችንም ደህና ነን።

ክሬኔ ውስጥ ኦፕሬተር ሲያንቀላፋ የሚጮህ ካሜራ ገጠሙልኝ። ይህ ነገረኛ በጠራራ ፀሐይ አፍጥጬ እየሠራሁ “ግራ ዓይን ተዘግቷል” ይለኛል! እንዴት እንደሚያስብ ለማወቅ ጓጓሁና ዘበኛውን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት፤ ካሜራው ዝም አለ። በያጁን አስቀመጥኩ፤ አሁንም ዝም። እኔ ስቀመጥ ጮኸ።

“እስቲ እየኝ፤ ዓይኔ ተዘግቷል?” አልኩት በያጁን።

“ኧረ ጋሼ፣ እንደ ጉጉት አፍጠዋል!” ብሎ ሳቀ። ጠጋ ብሎ ሲያየኝ ግን ሳቁን አቆመና “የግራ ዓይንዎ ቆብ ወረድ ብሏል” አለኝ።

አለቃችን ለጥቂት ቀን መሬት ላይ እንድሠራ አዞኛል።

ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት። ፈቃድ ካገኘሽ ግን ቶሎ ነዪና ካሜራውን መርምሪልኝ፤ እኔስ ደህና ነኝ።

ነገር ፈላጊው አጎትሽ