ሦስት ቤት ለማመጣጠን አንድ ልጅ ስለ ማዛወር

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ገብረ መድህን፣ የልጆች ቀለብ ጉዳይ አጣሪ
አሰላ

እንደምን ከርመዋል? የእርስዎ ጤና የስንት ልጅ እንጀራ ነውና ፈጣሪ ከነቤተሰብዎ ይጠብቅልን። እኛ ደህና ነን። ጎረቤቴ እትዬ ቢፍቱም፣ ያኔ ሲመጡ ያማት የነበረው ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ልጇ ሰኢድ አዳማ ወስዶ አሳክሟት አሁን ምርኩዝ ይዛ ግቢ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ምራቷም መንታ ተገላግላለች። ይህን ሁሉ የምነግርዎ ቤቷን ስለሚያውቁት ነው። የእኔን ኑሮ ሊያጣሩ መጥተው እሷ ቤት እርጎ ጠጥተው የተመለሱ ሰው ስለሆኑ፣ እንዴት ሆና ይሆን ብለው እንደሚያስቡ አልጠራጠርም። የእኔ በር ከእሷ በር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ ጭቃውን ፈርተው ይሆናል፣ አልቀየምኩም።

በቢሮዎ በኩል ሦስት ጊዜ ያስገባሁት ማመልከቻ መልስ ስላጣ፣ ሰው ሁሉ ካነበበው ምናልባት እርስዎም ጋ ይደርስ ይሆናል ብዬ ይህን በግልጽ ጻፍኩ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ነውና ስህተት ቢያገኙበት እንደ ተማረ ሰው ይለፉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። የአራት ልጆቼ አባት አቶ ይበልጣል፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሦስት ቤት አለው። አሰላ እኔ ከአራት ልጆች ጋር፣ ሲሬ ሄለን ከሁለት፣ ኢተያ ሙሉዬ ከአንድ ልጅ ጋር አለን። ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ ቀለብ ለመቁረጥ ኑሯችንን አጣርተው እንዲያቀርቡ አዘዘዎት። እርስዎም አጣሩ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. አባትየውን "የቀን ሠራተኛ" ብለው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ኢተያ ላይ የስንዴ መጋዘን ከፍቶ፣ በመኸር ሰሞን ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ገበሬ የሚያስለቅስ ሰው በቀን መሥራቱን እኔም እመሰክራለሁ።

2ኛ. እኔን የወተት ላም ባለቤት ስላደረጉኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ላሚቱ የእትዬ ቢፍቱ ናት፤ እርጎውም የእሷው ነበር። ወረቀትዎ ቤታችን ከተነበበ ወዲህ ልጄ ማሂ ጠዋት ጠዋት "የእኛ ላም መቼ ነው የምትመጣው?" እያለች ታስጨንቀኛለች፤ መልሱን ቢልኩልኝ።

3ኛ. ቀለቡን በልጅ ሳይሆን በቤት ቆጥረው ሦስት ቦታ እኩል መደቡት። ለሙሉዬ አንድ ልጅ የደረሰው ለእኔ አራቱም ደረሰ። በሕፃኑ አልቀናሁም፣ ይብላ፣ ይደግ። የቀናሁት በእርስዎ ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ተማሪ አስተምሮ በሰላም ጡረታ መውጣቱ!

4ኛ. እዚህ ላይ ምስጋና ራሱ ያጥረኛል። ድልድሉ እንዳልተመጣጠነ እርስዎም ሲያዩት፣ ቀለቡን በማስተካከል ፈንታ ልጆቹን አስተካከሉ። "ከአሰላው ቤት አንድ ልጅ ወደ ኢተያው ቤት ቢዛወር ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ ይመጣጠናል" ብለው ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። በእኛ ሰፈር የቅርጫ ደንብ የሚመደበው ሥጋው ነው፤ የተካፋይ ልጅ ተመድቦ አይተን አናውቅም። ደግሞ የትኛው ልጅ እንደሆነ አልጻፉም፤ ምርጫውን ለእናት መተውዎ ርኅራኄዎን ያሳያል። ታዲያ ማንን ልላክ? ትንቢት ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ እኔ ገበያ ስውል ታናናሾቿን የምታበላውም እሷ ናት። ኤፊ ከእህቷ ጉያ ካልገባች እንቅልፍ አይወስዳትም። ማሂን ነግሬዎታለሁ። ኃይለየሱስ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ አባቱን "ጋሼ" ብሎ ነው የሚጠራው። ሰኞ ቀጠሯችን ነው፤ ዳኛው ያንን ወረቀት እንዳለ ከተቀበሉት፣ ማክሰኞ የአንዳቸውን ልብስ በፌስታል ቋጥሬ አውቶብስ ተራ ልቆም ነው።

በሉ ክቡርነትዎ፣ የራስዎን ልጆች ማንም ሳያመጣጥንብዎ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያብቃዎ። ብዕርዎ አይንጠፍ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ የሰው ደጅ ግን ቢቻል ከመጻፍዎ በፊት ያንኳኩ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እስከ ሰኞ ድረስ የአራት ልጆች እናት
አሰፋች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሙሉዬ ልጇን አዝላ ከኢተያ መጣች። ስሟን ስረግም የኖርኩት ሴት ናት። በር ላይ እንደቆመች "እታለም፣ እኔን ማን ጠየቀኝ? የሰው ልጅ ከእናቱ ጉያ ነጥቄ ምን ልሆን ነው! ይበልጣል እንደሆን ከመስቀል ወዲህ ደጄን አልረገጠም" አለችኝ። አቅፌ አስገባኋት። ወዲያው ሄለንም ሁለቱን ይዛ ከሲሬ ደረሰች፤ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ "ሰውየው አብደዋል እንዴ?" አለች። እትዬ ቢፍቱ ሳይቀር ምርኩዟን ይዛ ተሻግራ መጥታ "ያ ረቢ!" ብላ ተቀመጠች። የጨረሰችው ሙሉዬ ናት፦ "ሰኞ ሰባቱንም አጣሪው ቢሮ እንውሰድለት። የትኛው ከየትኛዋ እንደሚቆረጥ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ እሱው ይንገራቸው።"